«ዘራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጣት የለም»

ጣቱን መጀመሪያ ያየሁት ልጁን ለመያዝ ስታገል ነው።

አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ራጅ ክፍል እሠራ ነበር። 2001 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ በፈረንጆቹ 2009። ያኔ ዲጂታል የሚባል ነገር እኛ ጋ አልደረሰም። ካሴት፣ ፊልም፣ ጨለማ ክፍል፣ ቀይ መብራት፣ ቤት ድረስ ልብስ ላይ ተከትሎ የሚመጣ የፊልም ማጠቢያ ሽታ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ገባች። ሦስት ዓመት አልፎታል ግን የዓመት ተኩል ልጅ ነው የሚያክለው። ሳንባ ምች ለስንተኛ ጊዜ እንደያዘው እሷም ቆጥራ አልጨረሰችውም። የታዘዘለት የደረት ራጅ ነበር።

ሕፃን ራጅ ማንሳት ማለት መያዝ ማለት ነው። እናት እጆቹን ወደ ላይ ትይዛለች፣ እኔ ደረቱን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ሮጬ ሄጄ ትንፋሹን ጠብቄ እጫናለሁ። እጁን ይዤ ለእናቱ ላቀብላት ስል አውራ ጣቱ መዳፌ ውስጥ ገባ። ወፍራም ነው። ጫፉ ሰፋ ብሎ ወደ ውጪ ዞሯል። ሌሎቹ ጣቶች የሕፃን ጣት ናቸው፣ እሱ ብቻ የትልቅ ሰው ይመስላል።

ሳየው እናቱ አየችኝ።

«ሲስተር፣ እሱን ተይው» አለች። «ሲፈጠርም እንዲሁ ነው።»

ፊልሙ ታጥቦ እስኪደርቅ ኮሪደሩ ላይ አብረን ቆምን። ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ልጁ በተወለደ በሳምንቱ አማቷ እጁን ገልጠው አይተው «ዘራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጣት የለም» ብለዋል። በቃ፣ ይህችን ብቻ። ባሏ ምንም አልተናገረም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁን አንስቶ አቅፎት አያውቅም።

«ከማን እንዳመጣሁት እነሱ ይንገሩኛ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ድካም ነበር ድምፅዋ ውስጥ።

እኔም ሁላችንም የምንለውን አልኩ። አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል። ፊልሙን ትልቁ ፖስታ ውስጥ ከትቼ ሰጠኋት። ውጤቱ ላይ ሐኪሙ የጻፈው ስለ ሳንባው ብቻ ነው፤ የተጠየቀውም እሱ ነበርና። ፖስታውን ፌስታል ውስጥ አጥፋ ከተተችው፣ ልጁን አዘለችው፣ ወጣች።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ ያው ራጅ ማንሳት ነው፣ እዚህ ደግሞ ሕፃናት ብቻ። በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ራዲዮሎጂስቶቹ የሚያነቡበት ጨለም ያለ ክፍል አንድ ነገር ልጠይቅ ገባሁ። ጠረጴዛ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ተገልጦ ተቀምጧል። ገጹ ላይ የሕፃን እጅ ራጅ አለ። አውራ ጣቱን ሳይ የመጣሁበት ጉዳይ ጠፋብኝ።

የጤነኛ ሰው አውራ ጣት የመጨረሻው አጥንት ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ይሄኛው ሰፍቶ ቀርቷል። አንዳንዴ ደግሞ ከእሱ በታች ያለው አጥንት ቀጥ ያለ መሆኑ ቀርቶ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፣ ጣቱ የሚጣመመውም ለዚህ ነው። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው ስም የሁለት ሰዎች ነው፤ ሩቢንስታይን-ታይቢ ሲንድሮም። ሲንድሮም ማለት አንድ ላይ የሚታዩ ምልክቶች ስብስብ ነው።

ያ ልጅ ይህ ነበረው ብዬ አልምልም። በአንድ ጣት በሽታ አይለይም። ወፍራም አውራ ጣት ብቻውን በቤተሰብ የሚወረስ፣ ምንም ጉዳት የሌለውም አለ። ግን ቆሜ ገጹን ሳነብ አንድ በአንድ መጣብኝ። ማነሱ። ተደጋጋሚው ሳንባ ምች። በዚያ ዕድሜ አንድም ቃል አለማውጣቱ። ወደ ታች ያዘቀዘቁት ዓይኖቹ፣ ሲስቅ ጭፍን የሚሉት። ደግሞ ይስቅ ነበር! በቀዝቃዛ ሳህን ላይ አስተኝተነው፣ ለማያውቃት ሴት ይስቃል። መጽሐፉም እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ ተግባቢና ሰው ወዳድ እንደሆኑ ይናገራል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚህ ታይቢ የሚባሉት ሰው ማን እንደሆኑ ማወቅ ፈለግኩ።

ሁሻንግ ታይቢ ኢራናዊ ናቸው። በ1919 እ.ኤ.አ. ተወልደው፣ አሜሪካ መጥተው፣ የሕፃናት ራዲዮሎጂስት ሆነው ኖሩ። ብዙ ዓመት የሠሩት ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ የሕፃናት ሆስፒታል ነው። እንደኔው ከሌላ አገር የመጡ ሰው መሆናቸውን ሳውቅ ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ይከብዳል። ጃክ ሩቢንስታይን ደግሞ የሲንሲናቲ የሕፃናት ሐኪም ናቸው፤ እድገታቸው የዘገየ ልጆችን ነበር የሚያክሙት። ሁለቱ በ1963 እ.ኤ.አ. ሰባት ልጆችን በአንድ ጽሑፍ አቅርበው አሳተሙ። ሰባቱም ወፍራም አውራ ጣትና ወፍራም የእግር አውራ ጣት አላቸው፣ የፊታቸው ቅርጽ ይመሳሰላል፣ የአእምሮ እድገታቸው ዘግይቷል።

ሰባት ልጅ ብቻ። ሺህ አይደለም፣ መቶም አይደለም። የጽሑፉ ርዕስ ራሱ ጠንቃቃ ነው፤ «ሲንድሮም ሊሆን የሚችል» ነው የሚለው። ያንን «ሊሆን የሚችል» እወደዋለሁ። ያዩትን ብቻ ነው የጻፉት።

በነገራችን ላይ ከእነሱ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957፣ ሦስት የግሪክ ሐኪሞች እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አይተው ጽፈው ነበር። ስማቸውን ዛሬ የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድ ልጅ ሲታይ አንድ የተለየ ልጅ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን የሚያስታውስ ሰው ካለ፣ ያኔ ነው ነገሩ በሽታ ሆኖ ስም የሚያገኘው።

የሕፃናት ራዲዮሎጂስት ምርምር ሲባል ብዙ ሰው አንድ ትልቅ ማሽን ይታየዋል። ታይቢ የሠሩት ሥራ ግን ከዚያ የቀለለም የከበደም ነው። ፊልም ማስቀመጥ። ያስቀመጡትን ማስታወስ። አዲስ ልጅ ሲመጣ አሮጌውን ፊልም አውጥቶ ጎን ለጎን መስቀል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ከተማ ላለ ሐኪም «አንተ ጋስ እንዲህ ያለ ጣት አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ። በ1975 እነዚህን ሁሉ ሲንድሮሞች በራጅ መልካቸው የሚያስረዳ ማመሳከሪያ መጽሐፍ አወጡ፤ በኋላ ራልፍ ላክማን የተባሉ ራዲዮሎጂስት አብረዋቸው ሆነው እየታደሰ እየታተመ ቀጠለ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት እሱን ነበር።

የታይቢ ስም ጉዳይ እዚያ አያበቃም። በ1962 አንድ ልጅ አይተው አጥንቱ በሙሉ ለየት ያለ እንደሆነ ጽፈው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌሎች ሐኪሞች ሦስት ወንድማማቾች ላይ ተመሳሳዩን አዩ። ጆሯቸው በደንብ አይሰማም፣ ላንቃቸው ክፍት ነው፣ ጣቶቻቸውም ለየት ያሉ ናቸው። ለዚህም ነው ኦቶ-ፓላቶ-ዲጂታል የሚል ስም የወጣለት፤ ጆሮ፣ ላንቃ፣ ጣት እንደማለት። በ1967 ደግሞ ታይቢ ሊንደር ከተባሉ ባልደረባ ጋር ሆነው በጣም ትንሽ አካልና ትንሽ ጭንቅላት ይዘው የተወለዱ የአንድ እናት ልጆችን አቀረቡ። ይሄኛውም ታይቢ-ሊንደር ይባላል።

ሦስቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ያቺ እናት ትመጣብኛለች። ምክንያቱም ሦስቱ «ከማን አመጣሽው?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት የተለያየ መልስ አላቸው።

በታይቢ-ሊንደር እንጀምር። ልጁ እንዲታመም ከአባትም ከእናትም አንድ አንድ የተበላሸ ዘረመል መውሰድ አለበት። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኛ ናቸው። ተሸክመውት እንደሚዞሩ እንኳ አያውቁም። ዘረመሉ የተገኘው በ2011 ነው፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ከወጣ ከ44 ዓመት በኋላ። የሚገርመው ይህ ዘረመል እንደ አብዛኞቹ ፕሮቲን አይሠራም። የሚሠራው ትንሽ አርኤንኤ ነው፣ የሌሎች ዘረመሎች መልእክት ተቆርጦ ሲቀጠል የሚረዳ። ያኔ በ1967 የራጅ ፊልም ይዞ የቆመ ሰው ይህንን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። እሱ ማለት የሚችለው «እነዚህ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ናቸው፣ እናታቸውም አንድ ናት፣ ስለዚህ በቤተሰብ የሚሄድ ነገር ነው» ብቻ ነበር። በቂ ነበር። በሩን ከፍቶ ሄደ፣ ሌሎቹ ገቡ።

ኦቶ-ፓላቶ-ዲጂታል ደግሞ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው የሚሄደው። ፊላሚን ኤ የሚባለው ዘረመል ነው፤ በ2003 ተገኘ። ወንዶች ልጆች ኤክስ ያላቸው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሚመጣው ከእናት ነው። ስለዚህ ወንድ ልጅ ሲታመም ብዙ ጊዜ ከእናቱ በኩል ሆኖ ይገኛል። ይህንን የማወራው በጥንቃቄ ነው። «ከእናት መጣ» የሚለው ቃል እኛ ቤት ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። ማንም ሰው ዘረመሉን መርጦ አልወለደም። ይህ ስለ ጥፋት የሚነገር አይደለም፣ የዓይን ቀለም እንደማውረስ ያለ ነው እንጂ። ግን እናት ላይ ጣት ለመቀሰር ያቆበቆበ ሰው እንዲህ ያለውን ረጅም ማብራሪያ ቁጭ ብሎ አይሰማም። ስለዚህ የሚነግረው ሰው ቀስ ብሎ፣ ባልየው ባለበት፣ ከተቻለም አማት ባሉበት ቢነግር ይሻላል ባይ ነኝ።

ሩቢንስታይን-ታይቢ ላይ ስደርስ ነው ጉሮሮዬ የሚያንቀኝ።

በ1995 ኔዘርላንድስ የሚገኝ ቡድን የመጀመሪያውን ዘረመል አገኘ፤ 16ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሁለተኛው በ2005 ተጨመረ። ሥራቸው ሌሎች ዘረመሎችን መቀስቀስ ነው። ተጠቅልሎ የተኛውን ዲኤንኤ ላላ ያደርጉታል፣ ያኔ ሌሎቹ መነበብ ይችላሉ። አንዱ ሲበላሽ አጥንቱም፣ ልቡም፣ አእምሮውም በአንድነት የሚነካው ለዚህ ነው። ከ100 ሺህ እስከ 125 ሺህ ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይከሰታል ተብሎ ይገመታል።

ታዲያ ከማን ይመጣል? ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከማንም አይመጣም። አዲስ ለውጥ ነው። ልጁ ሲፈጠር የተፈጠረ። አባት ጋ የለም፣ እናት ጋ የለም፣ አያት ጋ የለም። ጤነኛ ወላጆች እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ከወለዱ በኋላ ሁለተኛው እንዲሁ የመሆን ዕድሉ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ልጁ ራሱ አድጎ ቢወልድ ነው ለልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ የሚሆነው።

ያ ልጅ ይህ ከነበረው፣ አማትየው ትክክል ነበሩ ማለት ነው። በዘራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ጣት የለም። በእሷም ዘር ውስጥ የለም። በማንም ዘር ውስጥ የለም።

ይህንን ዓረፍተ ነገር ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የሚነግራት ሰው አልነበረም። ያኔ የእነ ታይቢ ጽሑፍ ከታተመ 46 ዓመት ሆኖታል። ዘረመሉ ከተገኘ 14 ዓመት። እውቀቱ ዓለም ላይ ነበር፣ እኛ ኮሪደር ላይ ግን አልነበረም። እሷ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሠራችውን ነገር ተሸክማ ኖራለች፣ በራሷ ቤት።

ስም ማግኘት ምን ይጠቅማል፣ ልጁ እንደሆነ አይድንም የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በቅንነት ነው የሚሉኝ፣ ግን አልስማማም። ስም ያለው ልጅ ልቡ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የልብ ችግር አብሯቸው ይወለዳልና። ዓይኑ ይታያል፣ ጥርሱ ይታያል። ወንድ ከሆነ ፍሬው ወደ ቦታው መውረዱ ይታያል። ሲመገብ ትን የሚለው ከሆነ አመጋገቡ ይስተካከልለታል፣ ምናልባት ያ ሁሉ ሳንባ ምች ከዚያ የመጣ ይሆናል። ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ሰመመን ሰጪው የአየር ቧንቧው አስቸጋሪ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል። መናገር ቢዘገይ በምልክት መግባባት ቶሎ ይጀመርለታል። ይሄ ሁሉ ከአንድ ጣት ነው የሚጀምረው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ለእኛ ለሐበሾች ስለሚነካን። የእነዚህን ልጆች ፊት የሚገልጹት አብዛኞቹ የድሮ መጻሕፍት የተጻፉት የአውሮፓ ዘር ያላቸውን ልጆች አይተው ነው። አፍንጫው እንዲህ፣ ከንፈሩ እንዲያ የሚሉት መግለጫ በእኛ ልጆች ላይ ሁልጊዜ ልክ አይመጣም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ይህን አይተው በ2016 ከተለያየ የዓለም ክፍል የመጡ ልጆችን ፎቶ የያዘ መዝገብ በኢንተርኔት ከፈቱ። በጣም ዘገየ፣ ግን ተከፈተ። የልጅ አጥንት ምን ያህል እንዳደገ ለማወቅ የእጅ ራጅ የሚነጻጸርበት የሥዕል መጽሐፍ (አትላስ) ራሱ በ1930ዎቹ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ራጅ ከተነሱ ነጭ ልጆች የተሠራ ነው፤ እኔ ዛሬ ድረስ የማነሳውን የግራ እጅ ራጅ የሚያነጻጽሩት ከእነሱ ጋር ነው። የአውራ ጣት ጫፍ መስፋት ግን በአጥንቱ ላይ በግልጽ ይታያል። ፊት ሲያሳስት አጥንት ሊያግዝ ይችላል። የራጅ ሰው ስለሆንኩ ለራጅ ማድላቴ ሊሆን ይችላል፣ ግን እንደዚያ አምናለሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያብሰለስለኝ ነገር ልምጣ። ታይቢ ሁለተኛውን ልጅ ሲያዩ የመጀመሪያውን ፊልም አውጥተው ማየት ይችሉ ነበር። ፊልሙ ሆስፒታሉ ውስጥ ነው ያለው። እኛ ጋ ፊልሙ ከበሽተኛው ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ያ ትልቅ ፖስታ። ፍራሽ ሥር ይቀመጣል። ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ገጠር ከሆነ ግድግዳ ላይ ይሰካል፣ ጭስ ይጠጣዋል። ዘመድ ሲጠይቅ ወጥቶ ወደ መስኮት ተደርጎ ይታያል። እናቶቻችን ያንን ፖስታ እንዴት እንደሚጠብቁት አይቻለሁ፣ ከመታወቂያቸው በላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ልጅ እኛ ክፍል ሲመጣ የመጀመሪያው ፊልም ደብረ ብርሃን ወይ ወሊሶ ነው። ማን ከማን ጋር ያነጻጽራል?

እዚያ በሠራሁበት ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጣት ስንት ጊዜ አልፎብኝ ይሆን? የኔ ሥራ ማንሳት ነው፣ ማንበብ የሐኪሙ ነው፤ እንደዚያ ነው የተማርነው፣ ልክም ነው። ግን ልጁን በእጁ የሚነካው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ፊልሙን ብቻ ነው የሚያየው፣ ፊልሙ ላይ ደግሞ ያለው ደረት ነው።

እዚህ አሁን ከትእዛዙ ጋር ማስታወሻ የምጽፍበት ቦታ አለኝ። እጽፋለሁ። «የተጠየቀው ደረት ነው፣ ሁለቱም አውራ ጣቶች ሰፋ ያሉ ይመስላሉ» ብዬ። ብዙውን ጊዜ ምንም አይገኝም። አንድ ጊዜ ራዲዮሎጂስቷ ራሷ ከጨለማው ክፍሏ ወጥታ መጥታ የልጁን እጅ ይዛ አየች፣ ከዚያ ለላከው ሐኪም ደወለች። ውጤቱን እኔ ልነግራችሁ አልችልም፣ የቤተሰቡ ነው። መደወሏ ግን ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር። የድሮ ሥራ ቦታዬ ሄድኩ። ጨለማ ክፍሉ ፈርሷል፣ ኮምፒውተር ገብቷል፣ ፊልሙም አሁን ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ደስ አለኝ። አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ ዕቃ ግምጃ ቤት ወሰደችኝና የድሮዎቹን መዝገቦች አሳየችኝ። ጠርዛቸው አይጥ የበላው፣ ጀርባቸው በፕላስተር የተጣበቀ። የ2001 ዓ.ም.ን አወጣችልኝ።

የልጁን ስም አላውቀውም። እሱን ፈልጌ እንደማላገኘው አውቅ ነበር። ግን ገለጥኩት። የእጅ ጽሑፌ ነው። ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ የተነሳው የአካል ክፍል፣ የፊልሙ መጠን። 3 ዓመት፣ ደረት፣ 18 በ24። 2 ዓመት፣ ደረት፣ 18 በ24። 3 ዓመት፣ ደረት። 4 ዓመት፣ ደረት። ፊልሙ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ በየወሩ እንቆጥረው ነበር፣ አንድም ሳይጎድል ተመዝግቧል። ከነዚህ ሦስት ዓመት ከሚሉት አንዱ እሱ ነው። ጓደኛዬ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ፤ ልነግራት ጀመርኩና መሬቱ ላይ ተቀመጥን፣ እሷም ሌላ ልጅ አስታወሰች።